ጋሼ የማያስነኩት ኮምፒውተር

የዛሬው ደብዳቤ ከሐዋሳ ነው። ረዘም ስለሚል ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ዕድሜዬ 26 ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ የግንባታ ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ረዳት የሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ ከተቀጠርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

«ችግሬ ሊያስቅዎት ይችላል። ኮምፒውተር ነው። የድርጅቱ ሂሳብ በሙሉ ያለው በአንድ ዊንዶውስ ኤክስፒ ኮምፒውተር ላይ፣ ፒችትሪ በሚባል የድሮ የሂሳብ ፕሮግራም ነው። ደብዳቤ የምንጽፈው በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ በፓወር ግዕዝ ነው። ለዲላና ለሻሸመኔ ቅርንጫፎች በኢሜይል ስንልከው እዚያ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። ከዚያ አትመን፣ በስልክ ፎቶ አንስተን በቴሌግራም እንልክላቸዋለን። የደመወዝ ኤክሴሉን የሠራው ልጅ ደግሞ ድሮ ለቋል። ፓስወርዱንም ይዞት ሄዷል።

«የፋይናንስ ኃላፊያችን ጋሼ (ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራቸው) በጣም ጥሩ ሰው ናቸው። ሥራውን ከእሳቸው ነው የተማርኩት። ግን ‹ይቀየር› ካልኩ ፊታቸው ይለዋወጣል። ‹የሚሠራ ነገር አይነካም› ይላሉ። ከዓመታት በፊት አዲስ ሲስተም ተገዝቶ፣ ሠሪዎቹ ስልክ ማንሳት አቁመው፣ ገንዘቡም መረጃውም ቀልጦ ቀርቷል አሉ። ባለቤቱ ደግሞ ጋሼ ያሉትን ነው የሚሰሙት።

«አብረውኝ የተመረቁት አዳዲስ ሲስተም ላይ ይሠራሉ። እኔ የያዝኩት ዕውቀት ነገ የማይጠቅም እየመሰለኝ ተጨንቄያለሁ። ባለቤቱን በቀጥታ ላናግራቸው? ከጋሼ ጋር ልከራከር? ወይስ ዝም ብዬ ሌላ ሥራ ልፈልግ?

«የአቶቴዋ ነኝ»

ውድ የአቶቴዋ፣

አልሳቅሁም። በየመሥሪያ ቤቱ ጥግ ላይ ማንም እንዳይነካው የተባለ፣ ዳንቴል የለበሰ፣ ሲነሳ እንደ ጄኔሬተር የሚያጓራ አንድ ኮምፒውተር አይጠፋም። የእናንተው ዳንቴል እንዳለው አልነገርሽኝም እንጂ እርግጠኛ ነኝ፣ አለው።

አስቀድሜ ግን ትንሽ ከጋሼ ጎን ልቁም። ያረጀ ሁሉ አይጣልም። የአሜሪካ ጦር የኑክሌር ኃይሉን ትእዛዝ በሚያስተላልፍበት ሲስተም ውስጥ እስከ 2019 ድረስ ባለ 8 ኢንች ፍሎፒ ዲስክ ይጠቀም ነበር። ጃፓን መንግሥት ጋ የሚገቡ ሰነዶች በፍሎፒ ዲስክ እንዲቀርቡ የሚያስገድዱ ደንቦቿን ጠራርጋ የጨረሰችው በ2024 ነው። (ስለ ሶፍትዌር ሳወራ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስመለስ እነግርሻለሁ።) እና «አሮጌ ነው» የሚለው ብቻውን ክርክር አይሆንም። ጋሼ ይህን ከአንቺ በፊት ከስንቱ ሰምተውታል።

ሌላ ጥያቄ ያዢ። ያ ኮምፒውተር ነገ ጠዋት አልነሳም ቢል፣ ማን ስንት ብር ዱቤ እንዳለበት ከየት ታገኛላችሁ?

መብራት እንዴት እንደሚሄድና እንደሚመጣ አንቺው ታውቂዋለሽ። ሲሚንቶ፣ ብረትና ቆርቆሮ በጅምላ የሚሸጥ ቤት ደግሞ ብዙ ገንዘቡ በሰው እጅ ነው ያለው። ያ ሁሉ በአንድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ፣ የሚያስፈራው የፕሮግራሙ ዕድሜ አይደለም። መረጃው መውጫ የሌለው መሆኑ ነው። መውጫ የሌለው አዲስ ሲስተም ብትገዙም ያው ናችሁ። ጋሼን ያቃጠላቸው የዚያን ጊዜው ሲስተም እኮ አዲስ ነበር። መረጃውን ይዞ ጠፋ እንጂ።

ስለዚህ «ይቀየር» የሚለውን ቃል ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ መረጃውን አውጪው። ይህን ለማድረግ ደግሞ ማንንም መታገል የለብሽም።

ከፒችትሪው እንጀምር። «ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) እናደርጋለን» ትይኝ ይሆናል። የት? እዚያው ኮምፒውተር ዲ ድራይቭ ላይ ከሆነ ባክአፕ አትበይው። ብዙ ጊዜ ሲ እና ዲ የአንድ ሃርድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ሲሞት አብረው ነው የሚሞቱት። ባክአፑ ወደ ኤክስቴርናል ሃርድ ዲስክ ይውጣ፣ ዲስኩም ከቢሮው ውጭ ይደር። ሌላም አለ። የፒችትሪ ባክአፕ ተመልሶ የሚገባው ፒችትሪ ውስጥ ነው። መጫኛ ሲዲው የት እንዳለና የሲሪያል ቁጥሩ የት እንደተጻፈ ጋሼን ጠይቂያቸው። ምናልባት እሳቸው መሳቢያ ውስጥ፣ በላስቲክ የታሰረ ፖስታ ውስጥ ታገኚው ይሆናል። ካልተገኘ ግን ባክአፑ ብቻውን ብዙም አይሠራልሽም።

ለዚህ ነው ከባክአፑ በተጨማሪ መረጃውን ማንም ሊከፍተው በሚችል መልክ ማውጣት ያለብሽ። ፒችትሪ ላይ ሪፖርት ከፍተሽ ወደ ኤክሴል መላክ ይቻላል። ፋይል የሚለው ሜኑ ውስጥም ኢምፖርትና ኤክስፖርት የሚል አለ፤ እሱ የደንበኛና የዕቃ ዝርዝሮችን በተራ ጽሑፍ መልክ ያወጣልሻል። ጀኔራል ሌጀሩን፣ ትራያል ባላንሱን፣ የደንበኞችና የአቅራቢዎች ዝርዝሩን፣ ያልተሰበሰበውን ዱቤ ከነዕድሜው፣ የዕቃ ቆጠራውን አውጪ። በየወሩ መጨረሻ ይህን የማድረግ ልማድ ካመጣሽ ግማሹ ጭንቀትሽ ይቀላል። አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ፒችትሪ በአንድ ጊዜ ክፍት አድርጎ የሚይዘው 2 የበጀት ዓመት ነው። ስለዚህ የቆየው ዓመት ከመዘጋቱ በፊት የዚያን ዓመት ዝርዝር ሪፖርት በሙሉ አውጪ፣ አትሚም።

ስታወጪው የምታይው ነገር ደስ አይልም። የደንበኞች ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ስለተጻፈ አንድ ሰው በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሦስት ደንበኛ ሆኖ ታገኚዋለሽ። አንዱ ላይ ዱቤ አለበት፣ ሌላው ላይ ቅድሚያ ክፍያ ተይዞለታል። ይህን በቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር እያስተያየሽ አጥሪ። ቲን የሌለውን በስልክ ቁጥር። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን ወደ የትኛውም አዲስ ሲስተም ብትሄዱ ይህ ቆሻሻ አብሯችሁ ነው የሚሄደው፣ ማጽዳቱ ደግሞ እንደ አንቺ የደንበኛን ስም የለመደ ሰው ይፈልጋል።

ለጋሼ ደግሞ ይህን ንገሪያቸው፤ ፒችትሪ አልሞተም። ስሙ ነው የተቀየረው። ከ2012 ጀምሮ ሴጅ 50 ይባላል። ሜኑው፣ የሂሳብ መዋቅሩ፣ ዓመት አዘጋጉ ለፒችትሪ ሰው እንግዳ አይሆንም። አንድ ቀን ወደዚያ ብትሄዱ የእሳቸው ዕውቀት አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። ብቻ የድሮ ፋይል አዲሱ ውስጥ ተከፍቶ አንዴ ከተቀየረ በኋላ የድሮው ፒችትሪ መልሶ አይከፍተውም። ሙከራው ሁሌም በኮፒው ላይ ይሁን።

አሁን ወደ ፓወር ግዕዙ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይኼ የራሳችን ጉዳይ ነው። ፈረንጅ በጻፈው የሶፍትዌር ምክር ውስጥ ፈልገሽ አታገኚውም።

ኮምፒውተር ወደ አገራችን ሲገባ ለግዕዝ ፊደል የተተወ ቦታ አልነበረውም። አንድ ፎንት (የፊደል ቅርጾች ስብስብ) የሚይዘው ቢበዛ 256 ምልክት ነበር፣ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለማሽኑ ለራሱ የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። እነ ቋና ጓ፣ አኃዞቹ፣ ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። የዚያን ጊዜ የእኛ ባለሙያዎች መላ ዘየዱ። የእንግሊዝኛ ፊደላት በተቀመጡበት ቦታ የግዕዝ ቅርጽ ሳሉ። ያልበቃውን ደግሞ ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ ፎንት ከፋፈሉት። ጎበዞች ነበሩ፤ ስንት ጋዜጣ፣ ስንት መጽሐፍ፣ ስንት ደብዳቤ የወጣው በእነሱ ሥራ ነው።

ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው አሁንም የእንግሊዝኛው ፊደል ቁጥር ነው። ፎንቱ ያለበት ማሽን ያንን ቁጥር አይቶ «ለ» ብሎ ያሳያል። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ያንኑ ቁጥር አይቶ የላቲን ፊደል ወይም የጥያቄ ምልክት ያሳያል። የሻሸመኔው ቅርንጫፍ የሚያየው ይህንን ነው። ደብዳቤያችሁ አልተበላሸም። እነሱ ጋ ፎንቱ ስለሌለ ብቻ ነው።

ይህን ችግር ከሥሩ የፈታው ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ አሠራር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደላችን የራሱ ቁጥር አለው፣ ከላቲን ጋር አይጋፋም። ዊንዶውስም በ2007 ቪስታ ሲወጣ ጀምሮ ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ይመጣ ጀመር። ስልክሽ ላይ ያለ ምንም ጭነት አማርኛ የምታነቢው በዚሁ ምክንያት ነው።

የእናንተ ፋይል የድሮው ይሁን የዩኒኮድ ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግሽም። ከደብዳቤው አንድ መስመር ኮፒ አድርገሽ ቴሌግራም ላይ ለጥፊው። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው። ዝብርቅርቅ ከሆነ የድሮው ነው።

የድሮው ከሆነስ? ለዛሬ ችግር፦ ደብዳቤውን ፒዲኤፍ አድርገሽ ላኪ። ፒዲኤፍ የፊደሉን ቅርጽ አብሮ ስለሚይዝ ዲላም ሻሸመኔም እንደታተመው ሆኖ ይታያል፤ ፎቶ ማንሳቱም ይቀራል። ኦፊስ 2007 ካላችሁ ፒዲኤፍ ማስቀመጫው በዝማኔ ወይም ለብቻው በሚጫን ትንሽ ፕሮግራም ይገኛል፣ ከ2010 ወዲህ ባሉት ውስጥ አብሮ አለ።

ለነገ ደግሞ፦ አዲስ የሚጻፍ ደብዳቤ ሁሉ በዩኒኮድ ይጀመር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ፓወር ግዕዝን መተው አያስፈልጋችሁም። በኋላ የወጡት ስሪቶቹ በዩኒኮድ ይጽፋሉ። ጸሐፊዋ ለስንት ዓመት የለመደችው የጣት ልማድ ሳይነካ፣ ፎንቱንና ስሪቱን መቀየር ብቻ ይበቃል። ሰው አዲስ ነገር የሚጠላው ብዙ ጊዜ ጣቱ ስለሚሰናከል ነው።

የድሮዎቹን ደብዳቤዎች በሙሉ ልቀይር ብለሽ ግን አትነሺ። ከአሥር ዓመት በፊት የተጻፈ የዓመት ፈቃድ ደብዳቤ ማን ይፈልገዋል? አሁንም የሚሠራባቸውን ብቻ ለዪ፤ የውል ቅጾች፣ የዋስትና ደብዳቤዎች፣ የዋጋ ማቅረቢያዎች። የድሮውን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ፣ ግን አትመኛቸው። ደብዳቤው መሐል በእንግሊዝኛ የተጻፈ የድርጅት ስም ካለ እሱንም አማርኛ ነው ብለው የማይነበብ ነገር ያደርጉታል። ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቡን በዓይንሽ እይ። በተለይ ውል ላይ ያለ የብር መጠን። የደንበኛ ውል ደግሞ ማን እንደሚያስተዳድረው የማታውቂው ድረ ገጽ ላይ ጭነሽ እንዳትቀይሪ።

ኤክሴሉን በአጭሩ ልለፈው፣ ግን አንድ ታሪክ ሳልነግርሽ አይደለም። በ2020 መኸር እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ የኮቪድ ታማሚዎች ከመንግሥት መዝገብ ወድቀው ቀሩ። ምክንያቱ መረጃው በድሮው ኤክስኤልኤስ የፋይል ዓይነት መሰብሰቡ ነበር። ያ ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። ከኤክሴል 2007 ጀምሮ ያለው ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይይዛል። ፋይሉ ሲሞላ ትርፉ እንዲሁ ቀረ። ከታመሙት ጋር የተገናኙ ሰዎችም በጊዜው ሳይነገራቸው ቆየ። የእናንተ የሽያጭ ዝርዝር ያን ያህል አይረዝም ይሆናል። ቢሆንም የፋይሉን ዓይነት ወደ አዲሱ መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ስለሆነ ቀይሪው።

የደመወዙን ኤክሴል ፓስወርድ ለመስበር አትድከሚ። አዲስ ሥሪ። የደመወዝ ስሌት እንደሆነ አንቺ ተምረሽዋል። ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ (ይኼ በእኛ ነው) ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፣ እርከኖቹም ተቀይረዋል። የተቆለፈ ፋይል ይህን ለውጥ አያውቅም። ማን እንዳስተካከለውና እንዴት እንዳስተካከለው አለመግለጽሽ ትንሽ አስግቶኛል፤ ይህን ሳምንት ሳታሳልፊ የሁለት ሰው ደመወዝ በእጅሽ አስልተሽ አመሳክሪ። አዲሱን ስትሠሪ የግብር እርከኖቹን ቀመሩ ውስጥ አትቅበሪያቸው። ለብቻቸው ሠንጠረዥ ላይ አስቀምጫቸው፣ ሕጉ ሲቀየር ሠንጠረዡ ብቻ ይቀየራል። ሁለት ወር ከድሮው ጋር ጎን ለጎን አስሂጂውና ልዩነት ካለ ከጋሼ ጋር ተያዩበት።

ኤክስፒው ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ ነው? ደብዳቤሽ አይናገርም። ከሆነ ይኼን አልደራደርበትም፤ ኬብሉ ዛሬውኑ ይነቀል። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የደህንነት ዝማኔ መስጠት ያቆመው በኤፕሪል 2014 ነው። የኢንተርኔት መክፈቻው ክሮምም በ2016 ትቶታል። ከኢንተርኔት የተለየ አሮጌ ኮምፒውተር ፒችትሪ ብቻ እየከፈተ ለጊዜው ሊቆይ ይችላል፣ ጋሼ ያን ያህል ትክክል ናቸው። ኢሜይልና የግብር ማሳወቂያው በሌላ ማሽን ይሠራ። በሁለቱ መሐል የሚመላለሰው ፍላሽ ደግሞ አንድ ብቻ ይሁን፣ ለዚያ ሥራ ብቻ የተለየ። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ በስንት ማተሚያ ቤት ፍላሽ እንደሚዞር ለሐዋሳ ሰው አልነግርም።

አዲስ ማሽን ስላላችሁ ብቻ ደግሞ ሰላም ናችሁ ማለት አይደለም። በሜይ 2017 ዋናክራይ የሚባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ሲያናውጥ ሁሉም ጣቱን ኤክስፒ ላይ ቀሰረ። አብዛኞቹ የተጠቁት ግን ዊንዶውስ 7 የነበሩ ናቸው። መከላከያው ዝማኔ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶላቸው ነበር። አልጫኑትም። እኛ አገር ደግሞ ዊንዶውሱ ክራክ (ያለ ፈቃድ የተከፈተ) ሆኖ፣ ዝማኔው እንዲዘጋ ተደርጎ፣ «ኢንተርኔት እንዳይበላ» ተብሎ ነው ማሽኑ የሚሰጠን።

ወደ ዋናው ሰው ልመለስ። ጋሼ።

ባለቤቱ ጋ በቀጥታ አትሂጂ። በእኛ መሥሪያ ቤት ይኼ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ፤ «ትናንት መጥታ ከጀርባዬ ሄደች» ይባላል። ከዚያ በኋላ ትክክል ብትሆኚም ማንም አይሰማሽም። ደግሞም ጋሼ የሚፈሩት ኮምፒውተሩን አይመስለኝም። አንድ ጊዜ ሰው አምነው መረጃ ጠፍቶባቸዋል፤ ያን ጊዜ በባለቤቱ ፊት የቆሙት እሳቸው ናቸው። አንቺ ደግሞ ያኔ አልነበርሽም። ስለዚህ ከዚያ ጀምሪ። «ያኔ የሆነው ምን ነበር? ምን ቢደረግ ኖሮ መረጃው ይተርፍ ነበር?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከልብሽ ጠይቂ፣ ለማጥመድ ሳይሆን። የሚነግሩሽን ጻፊው። አንድ ቀን አዲስ ሲስተም ሲገዛ ውሉ ላይ የሚሰፍረው ነገር እሱ ነው። መረጃችንን በፈለግን ሰዓት በኤክሴል ማውጣት እንችላለን ወይ? ሠሪው ቢጠፋ ምን ይቀርልናል? ስልክ ካላነሱ ቀሪ ክፍያ ይያዛል ወይ? ይህን ከጋሼ የተሻለ የሚጠይቅ ሰው ድርጅቱ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ የሚያውቁትን እንዲያስተምሩሽ ጠይቂ። ዓመት እንዴት እንደሚዘጉ፣ የተበላሸ ፋይል ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ። በደብተር ጻፊው። ሲታመሙ ወይም ፈቃድ ሲወጡ ሥራው የሚቆመው ይህ ስላልተጻፈ ነው። ባክአፑንና ሪፖርቱን ማውጣቱንም «ልቀይር» ሳይሆን «ላግዝዎት» ብለሽ አቅርቢው። እንዲያ ስትይ እምቢ የሚሉ ሰው አይመስሉኝም።

ጊዜውንም ምረጪ። የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ከሆናችሁ እስከ ጥቅምት 30 ባለው ጊዜ ስለ ሲስተም ማንሳት ጠብ መፈለግ ነው። ኅዳር ላይ ሰው ትንሽ ይተነፍሳል። ያኔ ሁለታችሁ ሆናችሁ ባለቤቱ ጋ ግቡ፣ ተናጋሪው ጋሼ ይሁኑ። «ኮምፒውተሩ አርጅቷል» ሳይሆን «ዲስኩ ቢሞት ይህን ያህል ብር ዱቤ ማስረጃ የለንም» ብለው የታተመውን የዱቤ ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ። ነጋዴ ይኼን ቋንቋ ለመረዳት ስልጠና አያስፈልገውም።

ባለቤቱ «እሺ፣ ግዙ» ካሉ አንድ ወጥመድ አለ። ዊንዶውስ 10ም በኦክቶበር 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ገበያው ላይ ደግሞ ዊንዶውስ 11 የማይቀበል ያገለገለ ኮምፒውተር ሞልቷል። ሻጩ «ኮር አይ ፋይቭ ነው» ሲልሽ «ስንተኛ ጄኔሬሽን?» በዪው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ በታች አትውሰጂ። ከዚያ በታች ያለውን ከገዛችሁ ገና ከመጀመሪያው ቀን አሮጌ ማሽን ገዝታችኋል። ገንዘብ ካጠረ ደግሞ ሊብሬኦፊስ በነፃ ይገኛል፤ የድሮ የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፣ ክራክም አያስፈልገውም። መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ዩፒኤስም አትርሱ።

ሥራ መቀየሩን በተመለከተ፦ መፈለግ መብትሽ ነው፣ የተሻለ ደመወዝ ካገኘሽም ሂጂ። «ዕውቀቴ አረጀ» ብለሽ ግን አትሂጂ። ዴቢትና ክሬዲት ስሪት አይቀየርለትም። አዲስ ሲስተም ላይ ቁልፍ መጫን በጥቂት ሳምንት ይለመዳል። የተዘበራረቀ የደንበኛ መዝገብ አጥርቶ፣ ከአሮጌ ሲስተም መረጃ አውጥቶ፣ ሳንቲም ሳይጎድል ያስታረቀ ሰው ግን በየቀጣሪው ደጅ አይገኝም። ሲቪሽ ላይ ጻፊው። ጋሼን ምስክር ማድረግ ትችያለሽ።

ለጊዜው ኤክስቴርናል ሃርድ ዲስክ አስገዢ። ፒያሳ ሄደሽ በራስሽ ገንዘብ ከገዛሽ ደግሞ ደረሰኝ አስቆርጪ። ጋሼ ያለ ደረሰኝ እንደማይመልሱልሽ ከእኔ የበለጠ አንቺ ታውቂያለሽ።